ደንገጎ ላይ የሚያለቅስ አሮጌ ናፍጣ ሞተር፦ አለያየቱና ጉልበት አጨማመሩ

«ወንድም፣ መኪናዬ ደንገጎ ላይ ሞተብኝ፣ ቱርቦ ላስገጥምለት?» ደንገጎ ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያ የሚያወጣው ዳገት ነው፣ ቱርቦ ደግሞ በጭሱ ግፊት እየዞረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ ዕቃ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይህ ጥያቄ ይደርሰኛል። እኔም መልሼ የምጠይቀው ያው ነው፦ ሞተሩ ምንድን ነው? «አይሱዙ ነው» ይሉኛል። አቦ፣ አይሱዙማ ስንት ዓይነት ሞተር አለው! አንዱ ቱርቦ ይሸከማል፣ አንዱ አይሸከምም፣ አንዱ ደግሞ ኮምፒውተር ስላለው ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው። አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ የምልክለት ይህንን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዝልኝ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ደንገጎን ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ነህ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ። ናፍጣ የሚገፋው ፓምፕ ግን ይህን አያውቅም። ድሬ ላይ የሚረጨውን ናፍጣ ሐረማያም ላይ ያንኑ ይረጫል። አየር ያልበቃው ናፍጣ ከፊሉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉ ዘግይቶ እየነደደ ፒስተኑን ይጠብሰዋል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ካየህ ሞተሩ አየር አጥሮታል ማለት ነው። ናፍጣ ብትጨምርለት ይብስበታል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከዚህ የተነሳ ነው፣ አትዝለል።

የሚያስፈልግህ

- የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ትንሽ ናፍጣና አንድ ነጭ ጠመኔ
- የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ (ቶርክ)
- የቫልቭ ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች
- የናፍጣ ሞተር ኮምፕረሽን መለኪያ (የቤንዚኑ ይፈነዳል፣ እንዳትሞክረው)
- የጭስ ሙቀት መለኪያ፣ የቱርቦ ግፊት መለኪያ፣ የሞተር ዘይት ግፊት መለኪያ
- አዲስ የናፍጣ፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ
- 15/40 ዘይት፣ አዲስ ጓርኒሲዮኖች (በብረቶቹ መካከል የሚገቡ ማሸጊያዎች)
- ከሞተሩ አየር መሳቢያ አፍ የሚሰፋ ጠፍጣፋ እንጨት። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሃለሁ።

ከመንካትህ በፊት

የተከፈተ የናፍጣ ሞተር ልጓሙን በጥሶ በራሱ ሊሮጥ ይችላል። ፓምፑ በስህተት ከተገጠመ ወይም ቱርቦው ዘይት ወደ ውስጥ ከተፋ ቁልፉን ብታጠፋውም አይቆምም። የሚያቆመው አየር መከልከል ብቻ ነው። እንጨቱ ለዚህ ነው፣ አፉ ላይ ትደፍነዋለህ። በእጅህ ወይም በጨርቅ እንዳትሞክር፣ ይስበዋል።

ኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው አፍንጫ) ሲረጭ ጣትህን ፊቱ አታቁም። ናፍጣው በዚያ ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሲገባ እንኳን ብዙም ላያምህ ይችላል። ነገር ግን እጅ የሚያስቆርጥ ጉዳት ነው። ከደረሰብህ ቁስሉ ትንሽ ነው ብለህ አትተኛ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂድ።

ካቢኑን ስትገለብጥ ደጋፊውን ብረት መቆለፍ እንዳትረሳ።

1. የሞተሩን ስም ከብረቱ ላይ አንብብ

ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመን። እነዚህ መኪኖች ሞተራቸው አንዴም ሁለቴም የተቀየረ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ሞተሩ ጎን ላይ፣ ብረቱ ራሱ ላይ ተመትቷል። የዓመታት ዘይትና አቧራ ስለሚሸፍነው መጀመሪያ ናፍጣ የነካ ጨርቅ፣ ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ ሲደርቅ ደግሞ ጠመኔውን በጎኑ ፈተግ ፈተግ አድርገው። የስልክህን መብራት ከጎን ስታበራበት ፊደሎቹ ብቅ ይላሉ።

አይሱዙ ከሆነ አነባበቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሲሊንደሩ ብዛት ነው፣ መጨረሻ ላይ «ቲ» ካለ ከፋብሪካ ቱርቦ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ የሚያጋጥሙህ በዋናነት እነዚህ ናቸው፦

- 4ቢዲ1፦ 3,856 ሲሲ። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው) ታች ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ቫልቮቹን በዘንግ ይገፋል። ወንድሙ 4ቢዲ1-ቲ ከፋብሪካ ቱርቦ አለው። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው።
- 4ኤችኤፍ1፦ 4,334 ሲሲ፣ ካምሻፍቱ እላይ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ኤንፒአር 66 ብሎ ይጀምራል።
- 4ኤችጂ1፦ 4,570 ሲሲ፣ ሻንሲው ኤንፒአር 71 ነው።
- 4ኤችኬ1፦ ሻንሲው ኤንፒአር 75። ይህ ኮምፒውተር ያለው ነው። እዚህ ላይ አቁም፣ ከታች ያለው አይሠራለትም።

መርቼዲስ 1113 ካለህ ስሙ ራሱ ይነግርሃል፦ 11 ቶን አጠቃላይ ክብደት፣ 13 ሲባል ደግሞ 130 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩ ኦኤም352 ነው፣ 6 ሲሊንደር፣ 5,675 ሲሲ። ኦኤም352 «ኤ» የሚል ከሆነ ከፋብሪካ ቱርቦ ነው።

የፊያት ኤንትሬ ባለቤት ከሆንክ ቱርቦውን ተወው። ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ነው፣ እስከ 7ኛው ደረጃ ድረስ ያለውን ብቻ ሥራለት፣ ይበቃዋል።

2. ፓምፑን ለይ

ፓምፑ ላይ የሚደርሰው የነዳጅ ፔዳል ገመድ ወይም ዘንግ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ማጥፊያው ብቻ ከሆነ ሜካኒካል ነው። ወፍራም የሽቦ ሶኬት ከገባበት አይደለም።

ሜካኒካሉም ሁለት ዓይነት ነው። ወደ ኖዝል የሚሄዱት ቱቦዎች በሰልፍ ተደርድረው ከወጡ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ መግፊያ አለው፣ የሚለሰልሰውም በሞተር ዘይት ነው። 4ቢዲ1ም ኦኤም352ም እንዲህ ናቸው። ቱቦዎቹ ክብ ሠርተው ከአንድ ጭንቅላት ከወጡ ደግሞ የሚለሰልሰው በናፍጣው በራሱ ነው፣ እንደ ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ። ልዩነቱ ጥቅም አለው። ክቡ ፓምፕ ውሃና ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ አንዴ ከጠጣ ያልቃል። ስለዚህ ከጀሪካን የምትቀዳ ከሆነ ቅድሚያ የውሃ መለያ ግጠምለት።

3. ሞተሩ ይችል እንደሆነ ፈትሽ

ያረጀ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም ለታመመ ሰው ጆንያ ማሸከም ነው።

ሞተሩን አሙቀው፣ አስነስተህ ተወው። የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደህና ነው። ዘሎ ከወደቀ ግፊቱ በፒስተን ፋሻው በኩል እያመለጠ ነው።

ከዚያ ኮምፕረሽን። ኖዝሎቹን በሙሉ አውጣ፣ ናፍጣውን ዝጋ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ በሞተሪኖ አዙር። መመሪያ መጽሐፎች ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው፣ ድሬ ላይ ወደ 13 በመቶ ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ስለዚህ አትደንግጥ። እዚህ 25 ባርና ከዚያ በላይ ካገኘህ ጥሩ ነው። ከ20 በታች ከሆነ ወይም በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ከ3 ባር በላይ ልዩነት ካለ የቱርቦውን ገንዘብ ለሪቲፊካ (ለሞተር ማደሻ) አውለው።

4. አየሩን መልስለት

አንዳንዱ መኪና እዚህ ደረጃ ላይ ይድናል፣ ቱርቦም አያስፈልገው።

የመልካ ጀብዱና የሽንሌ አቧራ ዱቄት ነው። ፊልትሮውን አውጣና ከውስጥ መብራት አስገባበት፣ ብርሃኑ ካልታየህ ቀይረው። ጎማ ላይ እየደበደቡ ማራገፍ ልማድ ሆኗል፣ ወረቀቱ ግን ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ፊልትሮ ደግሞ ከሌለ አይሻልም። ቀጥሎ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ፍታና ነጭ ጨርቅ በጣትህ ጠቅልለህ ውስጡን ጥረገው። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ አቧራ እያመለጠ ነው፣ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀው ነው። ክላምፑንና የተሰነጠቀውን ጎማ ሳትቀይር ወደፊት አትሂድ።

ማርሚታውንም (የጭስ ማፈኛውን) እይ። በጥላሸት የደፈነ ማርሚታ ጭስ አላስወጣ ካለ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቦታ የለም።

5. የቫልቭ ክፍተት

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይደር። ለ4ቢዲ1ም ለ4ኤችኤፍ1ም ማስገቢያውም ማስወጫውም 0.40 ሚሊሜትር ነው። ለኦኤም352 ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ነው።

ቀላሉ ዘዴ ጥንዶቹን ማወቅ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ላይ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ጋር ጥንድ ናቸው። ባለ 6 ላይ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። ሞተሩን በእጅ ቀስ እያልክ አዙር። የአራተኛው ማስወጫ ሲዘጋና ማስገቢያው መከፈት ሲጀምር አቁም፣ ያኔ የአንደኛውን ሁለቱንም ቫልቮች ለካ። ሌሎቹንም እንዲሁ። ስስ ብረቱ ሲሳብ ቅቤ የተቀባ ቢላዋ ያህል ያዝ ማድረግ አለበት።

የጠበበ ቫልቭ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ይቃጠላል። የሰፋው ደግሞ ዘግይቶ ይከፈትና አየር ያሳጥራል።

6. ኖዝልና ፓምፕ ወደ ፖምፒስታ

ይህን ራስህ አትሥራ፣ የፓምፕ ባለሙያው ፖምፒስታ ይሥራው። ኖዝሎቹ ላይ የሲሊንደሩን ቁጥር ጽፈህ ፓምፑን ከማውረድህ በፊት ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሹል ነገር ጭረት አድርግበት፣ ፎቶም አንሳ። ይህ ጭረት ከሌለ ስትመልሰው የመርጫ ሰዓቱ ይዛባል። ከቀደመ ይንኳኳል፣ ከዘገየ ነጭ ጭስ ይጨሳል፣ ጉልበትም ያጣል።

ፖምፒስታውን ሁለት ነገር ጠይቀው፦ ሁሉም ሲሊንደር እኩል ናፍጣ ይደርሰው እንደሆነና ኖዝሎቹ ይንጠባጠቡ እንደሆነ። የሚንጠባጠብ ኖዝል ፒስተኑ ላይ አንድ ቦታ ብቻ እያቃጠለ ይቦረቡረዋል። «ትንሽ ከፈት ላርግልህ?» ካለህ ለአሁኑ እምቢ በል።

7. ማቀዝቀዣው

ድሬ ላይ ቴርሞስታት አውልቆ መጣል የተለመደ ነው። «ሙቀት ስለሆነ አያስፈልግም» ይባላል። ተሳስተዋል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ስታወልቀው ውሃው በአቋራጩ ይዞራል፣ ዳገት ላይ ጭራሽ ይበልጥ ይሞቃል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ሲሊንደሩ ያልቃል።

የቧንቧ ውሃ ራዲያተር ውስጥ አትጨምር። የድሬ ውሃ ማፍያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ታውቀዋለህ አይደል? ያው ነገር ሞተርህ ውስጥ ይጋገራል። የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ተጠቀም። የቬንትሌተሩ ቺንጋም (ቀበቶም) ይጥበቅ።

8. መለኪያዎቹን ከቱርቦው በፊት ግጠም

ይህንን የምለው ከራሴ ከደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ሳቢያን ላይ የአንድ 4ቢዲ1 የናፍጣ መወሰኛ ቪቴ (ብሎን) ራሴ ከፈትኩት። ሜዳ ላይ በረረ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሲሚንቶ ጭነን ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎ ግማሽ ላይ ጉልበቱ ተነነ፣ ከኋላ ያለው መኪና እስኪጠፋ አጨሰ። ቴስታታውን ስናነሳ ሦስተኛው ፒስተን ዳር ዳሩ እንደ ሻማ ቀልጦ አሉሚኒየሙ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፏል። የውሃው መለኪያ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር የሚያሳየው። ፒስተን ሲቀልጥ ውሃው ገና አልሰማም።

የጭስ ሙቀት መለኪያውን ዘንግ የጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ብረት) ላይ፣ ከቱርቦው በፊት ግጠመው። ማኒፎልዱን ሳታወርድ አትብሳ፣ የብረት ፍርፋሪ ቱርቦ ውስጥ ከገባ ምላጩን ይበላዋል።

9. ቱርቦውን ግጠም

ለ4ቢዲ1 የ4ቢዲ1-ቲን ማኒፎልድ፣ ቱርቦና የዘይት ቱቦዎች በአንድ ላይ ፈልግ። ከሌላ መኪና የመጣ ትልቅ ቱርቦ ዳገት ላይ በምትፈልገው ዝቅተኛ ዙር ላይ አይነቃም። ለኦኤም352ም የ«ኤ»ውን ዕቃ ፈልግ።

4ኤችኤፍ1 ላይ እኔ አልገጥምም። የእሱ ሲሊንደር ስፋት 112፣ የፒስተኑ ጉዞ 110 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው ራሱ በዚያው ቤተሰብ ቱርቦ ያለውን 4ኤችኢ1 ሲሠራ ስፋቱን 110፣ ጉዞውን 125 አድርጎ ነው። እነሱ ያልደፈሩትን እኔ አልደፍርም።

አገጣጠሙ ላይ ሰው የሚሳሳተው ዘይቱ ላይ ነው። መግቢያውን ከዘይት ግፊት መለኪያው ቦታ ባለ ሦስት አፍ አድርገህ ታወጣለህ። መመለሻው ግን ወፍራም ይሁን፣ ያለ ጉብታ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይውረድ፣ ካርተሩ (ታች ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ላይ ከዘይቱ ልክ በላይ ይግባ። ከልኩ በታች ከገባ ዘይቱ ተመልሶ ቱርቦው ውስጥ ይቆምና በጎማው በኩል ወደ ሞተሩ ያልፋል። «አዲስ ቱርቦ ገዝቼ ሰማያዊ ጭስ አጨሰ» የሚሉኝ አብዛኞቹ መመለሻቸው ነው። ካርተሩን ስትበሳ አውርደህ ብሳ።

ግፊቱን ከ0.5 ባር አታሳልፈው። ሞተሩ ከፋብሪካ ለቱርቦ አልተሠራም፣ የፒስተኑ ማቀዝቀዣ አይችልም። በድሬ ሙቀት በዚህ ግፊት እንኳን ከቱርቦው የሚወጣው አየር ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ኢንተርኩለር (ይህን አየር የሚያበርድ) የምታስገባበት ቦታ ካለህ አስገባ።

የጭስ ቱቦውን ስታዞር ኤግዞስት ብሬኩን (ጭሱን አፍኖ መኪናውን የሚይዘውን) አውልቀህ እንዳትጥል። ደንገጎን መውጣት ብቻ አይደለም፣ ተጭነህ መውረድም አለ።

10. የመጀመሪያው ማስነሳት

1. ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። የቱርቦውን የዘይት መግቢያ ፍታና ንጹሕ ዘይት በእጅህ ሙላበት፣ ምላጩን በጣትህ አዙረው።
2. የናፍጣውን አየር አውጣ። የእጅ ፓምፑን እየመታህ መጀመሪያ ፊልትሮው ላይ፣ ከዚያ ፓምፑ ላይ ያለውን ቪቴ ላላ አድርግ። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ እሰር።
3. ማጥፊያውን ይዘህ ያለ ናፍጣ በሞተሪኖ አዙር፣ በየ10 ሰከንዱ እያሳረፍክ፣ የዘይት ግፊት እስኪያሳይ። ደረቅ ቱርቦ በሰከንዶች ውስጥ ቡሹን ይበላል።
4. አስነሳ። እንጨቱን የያዘ ሰው አጠገብ ይቁም። 10 ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ መፍሰሱን እይ።

11. ደንገጎ ላይ ፈትነው

ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ላይ አትፈትን፣ ይዋሽሃል። ቀትር ላይ፣ የተለመደውን ጭነትህን ይዘህ ውጣ። ረዳትህ መለኪያውን እያየ ይንገርህ። የጭሱ ሙቀት እስከ 650 ዲግሪ ከሆነ ቀጥል። 700 ከደረሰ እግርህን አንሳ፣ ማርሽ ቀንስ። ዙሩ ከፍ ሲል ቱርቦው ብዙ አየር ያመጣል፣ ሙቀቱ ይወርዳል።

ጭስ ከሌለና ሙቀቱ ከ600 በታች ከሆነ፣ ያኔ ብቻ ናፍጣ ይጨመር። ያውም ፖምፒስታው በትንሽ በትንሹ፣ ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ እንደገና ደንገጎ። የዙር መወሰኛውን ቪቴ ግን ማንም አይንካው፣ ያኛው የሚሰብረው ክራንክሻፍቱን ነው።

ላይ ስትደርስ ወዲያው አታጥፋ። ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። አለዚያ ቱርቦው ውስጥ የቆመው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት

- ጭስ ሲያዩ ናፍጣ መቀነስ ብቻ፣ ፊልትሮውን ሳያዩ። ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል።
- የድሮውን የቴስታታ ጓርኒሲዮን መልሶ መጠቀም። «ደህና ይመስላል» ይባላል፣ ጭነት ላይ ውሃ ይተፋል።
- ፍሪሲዮን መርሳት። ያረጀ ፍሪሲዮን አዲሱን ጉልበት አይይዝም፣ ዙሩ ሲጨምር መኪናው ባለበት ይቀራል።
- ዘይቱን እንደ ድሮው ማቆየት። ቱርቦ ከገጠምክ በኋላ እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ነው የምቀይረው፣ አቧራ ከበዛ ከዚያም በፊት።
- ሙሉ ሞተር ቀይሮ ሊብሬውን መተው። የሞተር ቁጥሩ እዚያ ላይ ስለተጻፈ ቦሎ ለመለጠፍ ስትሄድ ችግር ነው። የገዛህበትን ደረሰኝ ይዘህ አስቀድመህ አስመዝግብ።